የአባባ ጫምሳ ቬንትሌተር

«ልጄ… ነገ ጠዋት ወደ ሁሩታ ልመለስ ነው።»

አባባ ጫምሳ ይህን ያሉት የምሳ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ነው።

ምራታቸው ጋዲሴ ደነገጠች።

«እንዴ አባባ… ቀጠሮዎስ? የዓይንዎ ሞራ ሊገፈፍ ጥቂት ቀን ነው እኮ የቀረው።»

«አንዱ ዓይኔ ያያል። ለእኔ እሱም ይበቃኛል» አሉ፣ አንገታቸውን እያሻሹ።



ሰምተውኛል ማለት ነው አለች በሆዷ።

ነገሩ እንዲህ ነው…

የአዳማን ግንቦት የኖረበት ያውቀዋል። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ እላያችሁ ላይ ይተፋዋል። አንሶላ ውሃ ነክራችሁ ብትተኙ ሳታሸልቡ ይደርቃል። ቀዝቃዛ ነው ተብሎ የተሸጠላችሁ ሀባብ ቤት እስኪደርስ ለብ ይላል።

ጋዲሴ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስትሰፋ ውላ ነው የምትገባው። ያላት አንድ ደስታ ቬንትሌተሯ ነበር።

እግሯን ታጠብ ታደርግና ፊቱ ቁጭ ትላለች… በቃ፣ ከዚያ በኋላ ዓለም ቢገለበጥ ግድ የላትም።

አማቿ ለሕክምና የመጡ ዕለት ግን አፏ ቀደማት።

«ቬንትሌተሩን ለአባባ እንስጣቸው እንጂ» አለችው ባሏን ነገሪን።

ከልቧ አልነበረም። «ኧረ ተይው፣ አንቺ ነሽ የሚያስፈልግሽ» ይለኛል ብላ ነው።

ነገሪ ግን «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ብድግ አድርጎ ወሰደው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ሲሚንቶው ላይ ተኛች፣ ሙቀት። በሩን ከፍታ ተኛች፣ ትንኝ። ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ አፏን ከፍታ ታንቀላፋለች፣ ማሽኑ ላይ ደግሞ ዓይኗ እየተከደነ መርፌው ጣቷን ሊበሳው ምንም አይቀረው።

አንድ ቀን አባባ ቬንትሌተሩን አጥፍተውት አገኘችው።

«አባባ፣ የመብራት ሂሳብ አያሳስብዎ» ብላ መልሳ አበራችው።

«እሺ ልጄ» አሉ።

በመጨረሻ አልቻለችም። ልብስ ስታሰጣ ለጎረቤቷ ለኑሰይባ ተነፈሰች።

«እኔ ላብ በላብ ሆኜ አነጋለሁ፣ እሳቸው በንፋስ ይንፈላሰሳሉ። ደከመኝ ኑስዬ… እውነቴን ነው፣ ደከመኝ።»

ዞር ስትል የአባባ መስኮት ገርበብ ብሏል።

ይኸው በማግስቱ ልሄድ ነው አሉ…

በእኔ ምላስ ሽማግሌው ዓይናቸውን ሊያጡ ነው ብላ እንባዋ መጣ። ለነገሪስ ምን ብላ ትነግረዋለች?

«አባባ የትም አይሄዱም። ሙቀቱ ነው ያስመረረዎ» አለች።

ተነስታ ቬንትሌተሩን አልጋቸው ሥር አስጠጋችው። አንድ ቁጥር ላይ የነበረውን ሦስት ቁጥር ላይ አደረገችው።

«አሁን ጋደም ይበሉ።»

አባባ ጫምሳ ቬንትሌተሩን አዩት። እሷን አዩ።

«እሺ… ልጄ።»

ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ግቢው ሁሉ «ኤጭ» አለ። ኑሰይባ «ውይ ፍሪጄ» ስትል ተሰማች።

ከአባባ ክፍል ግን ሌላ ድምፅ መጣ።

«ተመስገን… ተመስገን ጌታዬ።»

ጋዲሴ ሙቀቱ አስቃዣቸው ብላ ካርቶን ቀድዳ ሮጠች።

በሩን ስትከፍት አባባ አልጋቸው ላይ ናቸው። ካፖርት ለብሰዋል። ከላዩ ጋቢ። አንገታቸው ላይ ሻርፕ።

አልገባትም። ካርቶኑን ታርገበግብላቸው ጀመር።

ሽማግሌው እጇን ያዙት።

«ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ… በፈጠረሽ ይብቃሽ። ንፋስ ጨረሰኝ።»

«ምን አሉ አባባ?»

«እኛ አገር ንፋስ ሲመጣ በር ይዘጋል። እናንተ ጋ በመብራት ታመጡታላችሁ። አንገቴ አልዞር ካለኝ ሰነበተ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ከራስሽ ክፍል አውጥተሽ የሰጠሽኝን እንዴት ብዬ ውሰጂልኝ ልበል? ብሄድ ይሻላል አልኩ።»

ጋዲሴ አቀረቀረች።

«እኔ እኮ… ትናንት ለኑሰይባ ያልኩትን ሰምተው የተቀየሙኝ መስሎኝ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አሉ አባባ። «ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ። በቃ ልትወስደው ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ ዝም አልሽ። ልሄድ ነው ስልሽ ጭራሽ ሦስት ቁጥር ላይ አደረግሽው።»

ጋዲሴ ሳቀች። ሳቁ አልቆም ብሏት ወደ ለቅሶ ዞረ። ስንት ቀን ያልተኛ ሰው እንዲህ ነው የሚስቀው።

ነገሪ ሲገባ ነገረችው።

«አባቴማ ሚኒባስ ውስጥ እንኳ መስኮት አያስከፍትም» አለ። «አንቺ ከሆድሽ ስትሰጪ እምቢ ብል ቅር ይልሻል ብዬ ነው። እሱም ዝም ሲል ለመደው ብዬ…»

ቬንትሌተሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጋዲሴ ጎኗን ሳታገላብጥ ነጋ።

አባባም ቀሩ፣ ሞራው ተገፈፈላቸው።

ፋሻው የተነሳላቸው ዕለት ምራታቸውን ትክ ብለው አዩዋት።

«እንዲህ ከስተሽ ነው እንዴ ልጄ?» አሉ። «ደክሞሽ ኖሯል… እኔ አላየሁም።»

አያችሁ… እዚህ ቤት ክፉ ሰው አልነበረም። ሦስቱም ይዋደዳሉ፣ ሦስቱም ይሉኝታ ይዟቸው ሲሰቃዩ ከረሙ። ይሉኝታ ጨዋነት ነው፣ አንክድም። ግን ልኩን ሲያልፍ አንዱን እንቅልፍ ይነሳል፣ ሌላውን ዓይኑን ሊያሳጣው ይደርሳል። «አልተመቸኝም» ማለት ነውር አይደለም፣ በተለይ ለሚወዱን ሰዎች።

እናንተስ… ቅር እንዳይላቸው ብላችሁ ዝም ያላችሁት፣ ዛሬም እያደከማችሁ ያለ ነገር ምንድን ነው? ለማንስ ብትናገሩት ይቀላችሁ ነበር?