አሲዳሟ

ባሏ በሞተ በሁለተኛው ወር መሳቢያው ውስጥ አንድ ደብተር ተገኘ። ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ ከባሕር ወለል የሚፈልቀውን ፍል ውሃና ውሃው የሚያልፍበትን አለት ሲመረምር የኖረ ኬሚስት ነው። መዋኘት ግን አይችልም ነበር። ደብተሩ የሚያወራው ስለ አንዲት «እሷ» ነው።

ሚስትየዋ የላብራቶሪ ረዳቱን አስጠራችው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው መላጣ ሰው ነው።

«ሴት ከሆነች ንገረኝ» አለችው። «ይህን ጥቁር ልብስ ዛሬውኑ አውልቄ ቀዩን ቀሚሴን እለብሳለሁ።»

«ኧረ እትዬ፣ ጋሼ ከድንጋይ ሌላ ምን ያውቁ ነበር?»

«እንግዲያውስ ስማ።» መነጽሯን አደረገች። «‹እሑድ። ዛሬ በጣም ግላ ነበር። ጠጋ ብል አቃጠለችኝ። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት እሷን መንካት አደጋ ነው።›»

ረዳቱ እፎይ አለ። «ጥቁር ጭስ የምትተፋዋ ፍል ውሃ ናት። የባሕር ውሃ በስንጥቅ ይገባና ከሥር ባለው የቀለጠ አለት ይግላል። ባዛልት የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ ሲያልፍ አሲድ ይሆናል፤ ብረትና መዳብ አሟሙቶ በአራት መቶ ዲግሪ ይወጣል። ቀዝቃዛውን ውሃ ሲነካ ይጠቁራል። ሰዓቱ ደግሞ ምናልባት መሣሪያው የሚለካበት ይሆናል።»

«የወጣላት ነገረኛ በላት።» ገጹን ገለጠች። «‹አሲድ ናት ብዬ ተሳስቻለሁ። አለቷ ሌላ ነው።›»

«ይቺ ደግሞ ሌላዋ፣ ነጯ ፍል ውሃ ናት» አለ፣ ደስ ብሎት። «ከምድር ሆድ በወጣ አለት ላይ ነው የምትፈልቀው። ውሃውና አለቱ ሲዋሃዱ ራሳቸው ሙቀት ይሰጣሉ፤ እሳት አያስፈልጋቸውም። አሲድ የለባትም። ጥቁሯ በጥቂት ዓመት ስትጠፋ ይቺ ሺህ ዓመት ትኖራለች።»

ሚስትየዋ ከት ብላ ሳቀች። ሁለት ወር ሙሉ ስቃ አታውቅም ነበር።

«ለካስ የምቀናው በጉድጓድ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ስኖር ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እኔን የመሰለች ዝምተኛ ቤት አስቀምጦ፣ እንዲህ ያለችውን ቁጡ ሲያባብል ኖረ።»

ረዳቱ ጣሪያውን አየ።

«ምነው?»

«ምንም፣ እትዬ።»

የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ጽሑፉ ተንጋዷል። ጮክ ብላ ጀመረች፤ እየቆየ ድምፅዋ ቀነሰ።

«‹ማክሰኞ፣ ሆስፒታል። ነርሷን ስትሰድብ ከኮሪደሩ ሰማኋት። ከዚያ ገብታ ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ጋደም አለች። በሠላሳ አምስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ በርዶኝ እንደማያውቅ ዛሬ ገባኝ።›»