አዲሱ የሴቶች መጸዳጃ

ሜላት በበጎ ፈቃድ ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣችው፣ ሴት ተማሪዎች ከእረፍት በኋላ ለምን ወደ ክፍል እንደማይመለሱ አጥንታ መላ ልትፈልግ ነው። ልጃገረዶቹ እያፈሩ መጸዳጃ ቤታቸውን ሊያሳዩዋት ወሰዷት። ትሉ ደጁ ድረስ ይርመሰመሳል። ከጎኑ ግን አዲስ የሴቶች መጸዳጃ ተቆልፎ አየች። አፍንጫዋን እንደያዘች ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደች።

«ለሴቶች የተሠራው አዲሱ መጸዳጃ ለምን ተቆለፈ?»

«እንዳያቆሽሹት ነዋ!»

«ነገውኑ ይክፈቱልኝ። ጥናቴን የምጀምረው ከዚያ ነው።»

«ላንቺማ እንከፍተዋለን!»

በማግስቱ በሩ ተከፍቶ ስታይ ደስ ብሏት ገባች። ቀዳዳው በጣውላ ተደፍኗል፤ ጣውላው ላይ ጠረጴዛና ወንበር ተቀምጧል።

ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን በሁለት እጃቸው አቀበሏት።

«ቢሮሽ ነው እህቴ። አይዞሽ፣ አንድም ሰው ተጠቅሞበት አያውቅም።»