ጫፉ የተቃጠለው ዘንባባ

ኪዱ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ስድስት ዓመት ብሎኬት ተሸከመ። ወገቡ እምቢ ሲለው ካዛንቺስ፣ የወይዘሮ አምሳለ ገስት ሃውስ አትክልተኛ ሆኖ ገባ። ስለ አትክልት የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ዘንባባን ግን ማንም ሦስተኛ ፎቅ አውጣው አይለውም። በቃ፣ ይሄ በቂ ነበር።

ዘንባባዎቹ ስድስት ናቸው። አራቱ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተተክለዋል፤ ሁለቱ በትልልቅ ፖት ሆነው ከዋናው በር ግራና ቀኝ ቆመዋል። ወይዘሮ አምሳለ የሚያዩት ሁለቱን ብቻ ነው። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነዋ።

ሥራ ሲጀምር ሁሉም ገርጥተው ነበር። ሜክሲኮ ሄዶ ማዳበሪያ የሚሸጠውን ቢቂላን አማከረ።

«መሬት ላይ ነው ፖት ላይ?» አለው ቢቂላ።

«ሁለቱም።»

«ለመሬቱ ፍግ ቀላቅልና ይሄን ነጩን ዩሪያ በወር አንድ እፍኝ። ከግንዱ ራቅ አድርገህ። ለፖቱ የማንኪያ ጫፍ ብቻ፣ ከዛ ውሃ በደንብ። መሬት ይውጥልሃል፤ ፖት ግን ያበዛህበት ሁሉ እዛው ነው የሚቀረው።»

«ያ ጥቁሩስ?»

«እሱ ለጤፍ ነው። ዘንባባ ልታጭድ ነው እንዴ?»

ኪዱ ነጩን በጆንያ አሸክሞ መጣ። በወሩ ዘንባባዎቹ አረንጓዴ ሆኑ። ወይዘሮ አምሳለ «እጅህ ይባረክ» አሉት። እንዲህ ሲባል የመጀመሪያው ነበር።

ለፋሲካ ግቢው በሙሉ ቀለም ተቀባ። ከደረጃው ሥር ያለችውን እቃ ቤት ባዶ የማድረጉ ጣጣ ለኪዱ ደረሰው። ጀሪካኑን፣ መጥረጊያውን፣ የወጥ ቤቷን የመነንን ሽሮ፣ ምስርና የጨው ጆንያ፣ የራሱን የማዳበሪያ ጆንያና አካፋ አውጥቶ፣ ቀለሙ ሲደርቅ መልሶ ደረደረው። ወገቡን ሦስት ቀን አመመው።

ከበዓሉ በኋላ ቤቱ ብዙም ደስ አይልም ነበር። ክፍል ስድስት ያረፈው እንግዳ ሆዱን አሞት ወይዘሮ አምሳለ የታሸገ ውሃ አስገዙ። ሠራተኛው ምሳ ላይ መነንን ያበሽቃታል።

«መኒዬ፣ ዛሬም ጨው ረሳሽ? ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» አላት ኪዱ።

«ሂድና ሣርህን አጠጣ! ጨምሬበታለሁ እኮ። ዘንድሮ ጨው ራሱ ጨው መሆን ትቷል።»

የፖቶቹ ቅጠል ደግሞ ጫፍ ጫፉን ቡናማ ሆነ። ኪዱ የራባቸው መስሎት ማንኪያውን ሞላ አደረገላቸው። ባሰባቸው። ፎቶ አንስቶ ለቢቂላ በቴሌግራም ላከለት። ቢቂላ ወዲያው ደወለ።

«ይሄ ጨው ነው። የሆነ ሰው ጨው ያለው ውሃ እየደፋበት ነው። ሥሩ ተቃጥሏል።»

ኪዱ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ዘበኛውን ጋሽ ቸሩን ጥርሳቸውን ያማቸዋል። ጠዋት ጠዋት ከመነን ጨው ተቀብለው፣ በብርጭቆ ውሃ በጥብጠው፣ በሩ ጋ ቆመው ይጉመጠመጣሉ።

«ጋሽ ቸሩ፣ ፖቱ ላይ ነው እንዴ የሚተፉት?»

«እኔ? ቱቦው እያለልኝ?»

«ጨው ነው ያቃጠለው ተብሏል።»

«ይሄ ጨው እንኳን ዘንባባ፣ ጥርሴንም አልነካ። ድሮ ድዴን ያንገበግበኝ ነበር። አሁን ውሃውን እንደ በረዶ ቀዝቀዝ ያደርገዋል፣ በቃ።»

ኪዱ አላመናቸውም። ሽማግሌ ሲሸፍን እንዲህ ነው ብሎ አለፈ።

ወይዘሮ አምሳለ ሁለቱንም በሩ ጋ አቆሟቸው። «የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ሐሙስ፣ አሥራ ሁለት የስብሰባ እንግዶች ይገባሉ። ዘንባባዬ እንደዚህ ሆኖ አይቀበላቸውም። አንዳችሁ ገድላችሁታል። ማናችሁ ናችሁ?»

ኪዱ ብሎኬት ትዝ አለው። ሦስተኛ ፎቅ፣ መወጣጫው ሲወዛወዝ።

«ፖቱ ላይ ሲተፉ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ» አለ።

አላየም።

ጋሽ ቸሩ ኪዱን ትንሽ አዩት። ብርጭቆውን አጥበው ለመነን መለሱላት፣ ዱላቸውንና ሬዲዮናቸውን ያዙ፣ በባምቢስ በኩል ቁልቁል ወረዱ። አሥራ አንድ ዓመት ያቺን በር ሲከፍቱ ነበር።

ኪዱ በበኩሉ ቆርጦ ተነሳ። የተቃጠለውን ጫፍ በመቀስ ከረከመ። አቧራውን በጨርቅ ወለወለ። ከነጩም እንዲያገግሙ ብሎ ለየፖቱ ግማሽ እፍኝ አደረገላቸው። በሩ ጋ የሚተፋ ሰው የለም። ቅጠሉ ግን በየቀኑ ታጠፈ።

ሐሙስ እንግዶቹ ገቡ፣ በሁለቱ ደረቅ ዘንባባዎች መሃል አልፈው። ወይዘሮ አምሳለ ለኪዱ «ከምሳ በኋላ እንነጋገራለን» አሉት።

የደረቀውን ቅጠል ሊነቅል ሲል ጣቱን ሰነጠቀው። እንደዛው እየደማ እቃ ቤት ገባ። አንድ የመጨረሻ እፍኝ ልሞክር ብሎ እጁን ጆንያው ውስጥ ከተተ። ቁስሉን አንገበገበው። ሳያስበው ጣቱን አፉ ውስጥ ጨመረ። ጨው ጨው አለው።

እዛው ቁጭ አለ።

«ኪዱዬ ፈቀቅ በልልኝ፣ እንግዶቹ ጨው አነሰው ብለው መልሰውታል» አለች መነን፤ ከጎኑ ካለው ጆንያ ሁለት ጭልፋ ዝቃ እየሮጠች ወጣች።