አምስተኛው አዋሳኝ

ክረምቱ ሳይገባ አዲስ ክፍል ካልሠራሁላት፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ እናቴ ላይ ይወድቃል። የግንባታ ፈቃድ ልጠይቅ ንፋስ መውጫ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ስሄድ ይህ ሰባተኛዬ ነው። ቅጽ የሚፈለፍል ሰው ጭቃ አቡክቶ አያውቅም። ያም ሆኖ አራቱንም አዋሳኝ ጎረቤቶቼን አስፈርሜ ነበር።

«አንድ ይቀርዎታል» አለችኝ የመዝገብ ቤቷ ሜሮን። ጣቷን ከ«ደቡብ» ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ አሳረፈች። «ከሥር» ይላል።

«ከሥሬ ማን አለ? ትሉን ላስፈርም?»

«ጋሼ፣ አይቆጡ። ሁሉም ያስፈርማል።»

ዞር ብዬ ወረፋውን አየሁ። የሳቀ የለም።

ቤት እንደገባሁ ቅጹን እናቴ አልጋ አጠገብ፣ መሬቱ ላይ ወረወርኩት። «በል እንግዲህ ፈርም!» ብዬ ጮህኩና በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ።

ንዴቴ በርዶልኝ ስመለስ ቅጹ እርጥብ አፈር ነክቶታል። በአምስተኛው መስመር ላይ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «አልስማማም» ተብሏል።

እናቴ እግሯን ሰብስባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች።

«አትቆጣው ልጄ፣ ጨዋ ነው» አለችኝ። «እስክሪብቶ እንኳ ለምኖኝ ነው የወሰደው። ‹ሌላ ክፍል ምን ያደርግላታል፣ እኔ ዘንድ እታች ለሁለት ይበቃናል› ነው የሚለው።»