የአሮጌው ላፕቶፕ ውለታ

ዩምና የኮምፒውተሩን ቁልፍ ትጫናለች፤ ኳሶቹ ያብዳሉ።

ግድግዳው ላይ በተወጠረው ሸራ፣ ከአንድ ዘንግ በክር የተንጠለጠሉት ቀይ ኳሶች ቀስ ብለው መወዛወዝ ነበረባቸው። አሁን ግን ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ወዲህ ወዲያ ይራወጣሉ። የአንድ ደቂቃው ትርኢት ዓይን ሳይርገበገብ ያልቅና ሸራው ጭጭ ይላል።

ከሦስቱ ፈታኞች መሐል የተቀመጡት ዶክተር ነጅላ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። በእስክንድርያ የፊዚክስ ተማሪዎች ዘንድ፣ እሳቸው የጣሉት የመመረቂያ ሥራ አይነሣም ይባላል፤ ባለቤቱ ሌላ ዓመት ይከርማል።

«ፔንዱለም አሳዩን ነበር ያልነው» ይላሉ። «ይሄ የትንኝ ሠርግ ነው።»

ከኋላ ወንበር አንዱ ይስቃል። የዩምና እናት ግን አትስቅም። ጭኗ ላይ በክር የታሰረ የባስቡሳ ካርቶን ይዛለች። ውጤት ሳይነገር ጣፋጭ አይከፈትም። አምና የአንዱ እናት ካርቶኗን እንደታሰረ ይዛ ስትወጣ ዩምና እዚሁ በር ላይ ቆማ አይታለች።

ቁጣዋ መጀመሪያ የሚያርፈው አጠገቧ በቆመችው በሥራ ጓደኛዋ በፌቢ ላይ ነው። የክሮቹን ርዝመት ያሰላችው ፌቢ ናት፤ ኳሶቹ አብረው እንዲነሡ፣ እንዲበታተኑ፣ በደቂቃው መጨረሻም ተመልሰው አንድ መስመር ላይ እንዲገናኙ።

«ቁጥርሽ ነው» ትላታለች በሹክሹክታ። «ጉድ ሠራሽን።»

ፌቢ አትቆጣም። ተቆጥታም አታውቅም፤ ዩምናን ከሁሉ የሚያናድዳት ይሄ ነው።

«ቁጥሬ እኛ ቤት ይሠራ ነበር» ትላለች። «እዚህ ምን ተቀየረ?»

የተቀየረው ኮምፒውተሩ ነው። ክረምቱን ሙሉ የሠሩት በፌቢ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈችው ደግሞ ዩምና ናት፤ ኳሶቹን ትንሽ ያንቀሳቅሳል፣ ይስላል፣ ደግሞ ያንቀሳቅሳል። በመሐሉ ምን ያህል ቆም ማለት እንዳለበት ግን አልነገረችውም። መጠበቅ መቼም አይሆንላትም። እስከ ዛሬ ስለ እሷ ሲጠብቅላት የኖረው ያ እያቃሰተ የሚሠራ ላፕቶፕ ነው። የአዳራሹ አዲስ ማሽን አያቃስትም፤ ማንንም ሳይጠብቅ ይሮጣል።

ፊቷ ይግላል። ለፈታኞቹ የፌቢ ሒሳብ ትክክል እንደሆነ፣ ስህተቱ የራሷ እንደሆነ፣ አንድ መስመር ብትጨምር እንደሚስተካከል ትነግራቸዋለች።

«እዚሁ ጻፊው» ይላሉ ዶክተር ነጅላ። «እያየሁሽ።»

ዩምና ፕሮግራሙን በሰከንድ ከመቶ ሥዕል አትለፍ ብላ ታዘዋለች። ጣቷ ይሳሳታል፤ ፌቢ በትከሻዋ በኩል እጇን ሰዳ አንዲት ፊደል ታርምላታለች። ቁልፉን ይጫናሉ።

ኳሶቹ እንደ አንድ ሰው ይነሣሉ። ከዚያ ሰልፉ መታጠፍ ይጀምራል፤ እባብ ይሆናል። እባቡ ለሁለት ይከፈልና አንዱ ረድፍ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል። ቀጥሎ ሁሉም ይበታተናሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደነበረ አይታወቅም።

ዩምና ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነበር የምታቋርጠው። ሠርቷል፣ በቃ፣ ወደሚቀጥለው። ሙሉውን ደቂቃ ተቀምጣ አይታ አታውቅም።

አሁን ማቋረጥ አትችልም። ከትርምሱ ውስጥ እባቡ ይመለሳል። መታጠፉ እየሳሳ ይሄዳል፣ እየሳሳ፣ እናም ኳሶቹ ማንም ሳይጠራቸው ወደ ቦታቸው ይገባሉ። አንድ ቀጥ ያለ መስመር። ከመስመሩ ዝንፍ ያለ ኳስ የለም። ይህን ሁሉ ፌቢ በእርሳስ ነው ያሰላችው፤ ዩምና ቀና ብላ ልታያት ታፍራለች።

ዶክተር ነጅላ መነጽራቸውን መልሰው አድርገዋል።

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ዩምና ቁልፉን ተጭና ወደ ኋላ ዞር ትላለች። እናቷ ዓይኗን ከሸራው ሳትነቅል፣ የካርቶኑን ክር በጥርሷ እየፈታች ነው።