አቶ ይርዳው አልወርድም አሉ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በዓመቱ አቶ ይርዳው ለመንግሥት ጉዳይ ወደ ለንደን ተላኩ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ግን በመስኮት የታያቸው ጭቃ ሜዳ ላይ የተደረደረ ድንኳን ብቻ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ እኔ የምሄደው ለንደን ነው» አሏት አስተናጋጇን።

«ይኸው ለንደን! የአውሮፕላን ማረፊያው ሕንፃ እስኪሠራ ድረስ እንግዳ የምንቀበለው በድንኳን ነው» አለቻቸው እየሳቀች።

አቶ ይርዳው አላመኑም። የማያውቁት አገር ወርደው መሳቂያ ከመሆን እዚያው መቀመጥን መረጡ። አጠገባቸው የነበሩት እንግሊዛዊ ሽማግሌ ከጦርነቱ በፊት ከትውልድ ከተማቸው ከለንደን ወጥተው ገና መመለሳቸው ነበር።

«ጌታዬ፣ እርስዎ የለንደን ልጅ ነዎት። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይህ ለንደን ነው?»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው ጭቃውንና ድንኳኖቹን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና የፈቱትን የወንበር ቀበቶ እንደገና አሰሩ።

«አይደለም» አሉ።