ስድስት ሙያ በአንድ ራስ

አንዲት ቃል ብጨምርበት ምላሴ ይቆረጥ። በኮሌጃችን ብዙ ሙያዎችን ያጣመረውን የጋራ ኮርስ ለሚያስተምር መምህር የሌላው መምህር ሙያ በአንድ ጠዋት በማሽን ጭንቅላቱ ውስጥ ይጫንለታል፤ በምትኩ ከትዝታው ያንኑ ያህል ይሰረዛል። ባልደረቦቼ ሁሉ ፈርተው ሸሹ። እኔ ግን ስድስት ሙያ አስጭኜ አንዲት ነገር አልጠፋችብኝም። ማሽኑ ራሱ አፈረ።

ትናንት ዲናችን ዶክተር ጉልላት ቤቴ መጡ።

«ሥነ ምድርን የሚጨምር ካልተገኘ ኮርሱ ይዘጋል» አሉኝ።

«ነገውኑ ይጫንልኝ። እኔ እያለሁ አይዘጋም» አልኳቸው፤ ሻይ እየቀዳሁም ለባለቤቴ ለስንዱ እንደምትወደው ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩላት።

ስንዱ ብርጭቆውን በቀስታ ወደ እኔ መለሰችው።

«የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ሐኪሙ ሲነግረኝ፣ እጄን ይዘህ አጠገቤ የተቀመጥከው አንተ ነበርክ» አለች።